ደጃፍ በሰው ስም ሲያንኳኳ

ደጃፍ ከቤት በወጣ ቁጥር በሰው ስም ነበር የሚያንኳኳው።

ደጃፍ ሰው አይደለም፤ ብሮውዘር ነው። ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ኢንተርኔት የሚያሳይ ፕሮግራም ማለት ነው። ገበያውን ትልልቆቹ ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል፤ ለሌላ የሚተርፍ ቦታ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። እነዚያ ጥቂቶች ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ እያሳያቸው፣ የጎማው ሽታ ከደረጃው ሥር እየመጣባቸው ይሠራሉ። ጠረጴዛዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ እንዲያውም የፒንግፖንግ ጠረጴዛ ነው።

ሥራው የራሱ ወግ አለው። አንድ ብሮውዘር አንድ ድረ ገጽ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ስሙን ይናገራል፤ “እከሌ ነኝ፣ ክፈቱልኝ” እንደማለት ነው። ድረ ገጾቹን የሚሠሩት ሰዎች የሚያውቁት ትልልቆቹን ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳ ስም ሲመጣባቸው “የሚጠቀሙበት ብሮውዘር ተቀባይነት የለውም” ብለው ይመልሱታል። ስለዚህ አዲስ መጪ ሁሉ ከሁሉም የሚበልጠውን፣ እነሱ “ትልቁ” የሚሉትን ብሮውዘር ስም ተውሶ ይገባል። ትልቁም ትንሽ ሳለ ከእሱ የቀደመውን ስም ተውሶ ነበር የገባው፤ የቀደመውም እንዲሁ። በሙያው ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚያፍርበትም የለም።

ደጃፍ የትልቁን ስም እንዲጠራ የምታደርገውን የፕሮግራም መስመር የጻፈችው ሹክሹክታ ናት። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ስትናገር ድምፅዋ ከከንፈሯ ብዙም ስለማይርቅ። ስልክ ሲደወል ሽንት ቤት የምትሄድ፣ ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ይሁን እንጂ ደጃፍ የተወለደው ከእሷ እጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ ዓይኗ የደከመባት አክስቷ ጽሑፍ ባሳደገች ቁጥር ገጹ እየተበታተነ ሲያስቸግራት አይታ፣ ፊደሉ ሲያድግ ገጹ ራሱን መልሶ የሚያሰናዳ ብሮውዘር ለመመረቂያ ሥራዋ ሠራች። ያንን ያየ አንድ ረጅም ሰው ነው “ይሄ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም” ብሎ ድርጅት ያቋቋመው። ምሰሶ ይሉታል፤ ለቁመቱም፣ ቤቱን ይዞ ለመቆሙም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ባለሀብቷ በመጡ ቀን ነው።

ባለሀብቷ የድርጅቱን ወጪ የሚችሉት ወይዘሮ ናቸው፤ በቤት ዕቃ ንግድ ያደጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ የማይነሱ ሴት። በዚያን ቀን የመጡት የቆጠራውን ውጤት አብረው ለማየት ነበር። ገበያውን የሚቆጥር አንድ ገለልተኛ ድርጅት አለ፤ ወደ ብዙ ድረ ገጾች የሚገቡትን ብሮውዘሮች በየስማቸው እየለየ፣ ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው በየወሩ ያወጣል። ደጃፍ ራሱ ተጠቃሚዎቹን አይቆጥርም። “የት እንደገቡ፣ ምን እንዳዩ አልከታተልም፤ ለማንም አላወራም” ብሎ በመጀመሪያው ገጹ ላይ ቃል ገብቷል። ምሰሶም በዚህ ይኮራ ስለነበር “ሌላ ሰው ይቁጠረን” ብሎ ውጤቱን ሳይከፍተው ነበር የጠበቃቸው።

ከፈተው። ከላይ ትልቁ ተንሰራፍቷል። ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሬዲዮ የሚሉት፣ አፉ የማያርፍ ባልደረባቸው፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ወደ ታች ወረደ፤ እየወረደ ሄዶ ጫፍ ደረሰ። ተመልሶ ወጣ። እንደገና ወረደ።

“ተደብቀን ነው” አለ ሬዲዮ። “አንድ ቦታ ተደብቀናል።”

ከበሩ አጠገብ ለተቀመጠችው ሹክሹክታ ሁሉም ከመረዳቱ በፊት ገባት። ደጃፍ በየሄደበት የትልቁን ስም ነው የተናገረው። ቆጣሪዎቹም የሰሙትን ጻፉ።

“አ… አልተደበቅንም” አለች፤ ማንም አልሰማትም። ጉሮሮዋን ጠረገች። “ትልቁ ውስጥ ነን።”

ምሰሶ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። አንዳቸውም አላሰቡትም። ያቺን መስመር ሁሉም ያውቃታል፤ እንደ ገዛ እጃቸው ስለሚያውቋት ግን ማንም ዞር ብሎ አይቷት አያውቅም።

“ምን ማለት ነው?” አሉ ባለሀብቷ።

ሬዲዮ መቻል አቃተው። “ይህን ሁሉ ጊዜ የትልቁን ድርሻ ስናሳድግ ነው የከረምነው ማለት ነው! ኧረ ደሞዛችንን እሱ ይክፈለን!”

ባለሀብቷ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ሻይውን ጨርሰው ሲኒውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። “እናንተን አምናለሁ” አሉ። “ግን እኔም የምጠየቅበት ቤት አለኝ። የሌለ ነገር እየደገፍሽ ነው ሲሉኝ የማሳያቸው ነገር ያስፈልገኛል። እስከሚቀጥለው ቆጠራ እጠብቃለሁ። ያኔም ከሌላችሁ እንሰነባበታለን፤ በፍቅር።”

“በፍቅር” የምትለው ቃል ናት ምሰሶን የበለጠ የጎዳችው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ጭቅጭቁ ተነሣ። ሬዲዮ ፒንግፖንግ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

“ምን ያስጨንቃል? መስመሯን እናጥፋት። ነገ ጠዋት ደጃፍ በስሙ ይናገር። አለቀ።”

“ነገ ጠዋት ሰው ወደ ባንኩ ገጽ ሊገባ ሲል ይመለሳል” አለ ምሰሶ። “ከሰዓት በኋላ ደጃፍን ነቅሎ ይጥለዋል። ከዚያ በስማችን የምንናገረው ለማን ነው? ለጎማ ሻጩ?”

“ጎማ ሻጩም በትልቁ ነው የሚጠቀመው። ባለፈው አየሁት።”

“ጎረቤታችንን እንኳ አላሳመንክም?”

“አንተ ታሳምነው፤ ቁመትህን አይቶ ይፈራሃል።”

ሹክሹክታ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሯ አዙራ መስመሯን ለጊዜው ዘጋቻትና የአንድ የዓይን ክሊኒክን ገጽ ከፈተች። “የሚጠቀሙበት ብሮውዘር ተቀባይነት የለውም።” አክስቷ ዓይኗን የያዘው ሞራ እንዲነሣላት ለረጅም ጊዜ ተራ ስትጠብቅ የኖረችው በዚያ ክሊኒክ ነው። ቀጠሮው ሲቃረብ በገጹ ገብቶ “እመጣለሁ” ብሎ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ያላረጋገጠ ተራው ለሌላ ይሰጥበታል። አክስቷ ደግሞ ከደጃፍ በቀር በሌላ ብሮውዘር አንዲት ቃል ማንበብ አትችልም።

መስመሯን መልሳ ከፈተቻት። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሬዲዮም ምሰሶም። ችግሩ ይኸው ነበር።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሹክሹክታን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ከጫማ አዳሽ ሱቅ ጀርባ ባለች ቤት፣ በስፌት መኪናው ድምፅ እያስተኛች። አሁን ክር በመርፌ ማስገባት ስላቃታት መጋረጃና አንሶላ ነው የምትሰፋው፤ ቀጥ ያለውን ስፌት እጇ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ዳር ላይ ተቀምጧል፤ ፊደሎቹ የእንቁላል ያህል ሆነው።

“ፊትሽ ምን ሆኗል? ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስለሻል” አለች አክስቷ፣ ሹክሹክታ ከመግባቷ።

“ሞራ ይዞኛል የምትይው ታዲያ ፊቴን በምን አየሽው?”

“አረማመድሽን ሰምቼ ነው። በይ ተናገሪ፤ ‘ምንም’ ያልሽው ነገር ሁልጊዜ እራት ያስቀርሻል።”

ተናገረች። አክስቷ መርገጫውን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ድንገት ሳቀች።

“ይሄ ነው? እኔ ዕድሜ ልኬን ለዚያ ትልቅ ሱቅ ስሰፋ የልብሱ አንገት ላይ የሚለጠፈው ስም የማን ነበር? የእነሱ።”

“አይከፋሽም ነበር?”

“ለምን ይከፋኛል! ቁልፍ ሲበጠስ የሚሰደበው ሱቁ ነው፤ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሻይዬን እጠጣለሁ። አንድ ቀን ይቺ ጎረቤታችን እኔ የሰፋሁትን ኮት ይዛ መጥታ ‘የዚህ ሱቅ ልብስ ድሮ ቀረ’ ብላ ስትራገም ምን ያደረግኩ ይመስልሻል?”

“ምን አደረግሽ?”

“አብሬ ረገምኳ!”

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሹክሹክታን አንድ ነገር ከነከናት። ደጃፍ ከወጣ ጀምሮ አንድ ገጽ ሲሰበር፣ ስዕል ሲጠፋ፣ ቁልፍ አልጫን ሲል የገጾቹ ባለቤቶች የሚወቅሱት ትልቁን ነበር። “ይሄ የማን ጥፋት ነው?” ብሎ እሷን የጠየቃት የለም። ያ ዝምታ ይመቻት ነበር። ከዚያች መስመር ጀርባ እንደ ድመት ተጠቅልላ ነው የከረመችው። ይህን ለአክስቷ አልነገረቻትም፤ እራቷን ግን ሳታስቀር በላች።

በማግስቱ ጭቅጭቁ ካቆመበት ቀጠለ። ምሰሶና ሬዲዮ እየተቀባበሉ ሲናገሩ፣ ሬዲዮ ድንገት እጁን አነሣ።

“ዝም በሉ! የሹክሹክታ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ነው።”

ፊቷ ቀላ። ግን ቀጠለች። “እንጠይቃቸው ነው ያልኩት።”

“ማንን?”

“ተጠቃሚዎቹን። ደጃፍ በስሙ ይናገር። ከመለሱት ግን ለሰውየው ይንገረው፤ ‘ስላላወቁኝ መለሱኝ፤ በትልቁ ስም ላስገባህ ወይስ ራስህ ትነግራቸዋለህ?’ ይበለው። የፈለገ ይገባል፤ የሚመለስ ሰው አይኖርም።”

ምሰሶ አገጩን አሸ። “‘እስከ ዛሬስ በማን ስም ነበር የምታስገቡን?’ ቢሉንስ?”

“እሱንም እንነግራቸዋለን።”

“አይከታተሉኝም ብለው የመረጡን ሰዎች ናቸውኮ። ተደብቀን ስንዋሽላቸው እንደነበር ሲሰሙ…”

“ሲሰሙ የሚሄድ ይሄዳል” አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። “መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነኝ። መልእክቱንም እኔ እጽፋለሁ።”

መልእክቷን ጽፋ ስትጨርስ ሬዲዮ ጮክ ብሎ አነበበው። “‘ይቅርታ፤ ይህ ገጽ አላወቀንምና መልሶናል። እስከ ዛሬ እንዳይመልሰን በሌላ ብሮውዘር ስም እንገባ ነበር፤ ሳንነግርዎ በመቆየታችን ይቅርታ። ከፈለጉ አሁንም በዚያ ስም እናስገባዎታለን። አለዚያም ደጃፍን እንደሚጠቀሙ ለገጹ ባለቤቶች ይንገሯቸው።’” ቀና አለ። “ይሄ ብሮውዘር ነው ወይስ ንስሐ ገቢ?”

“ተወው” አለ ምሰሶ። “ይሁን።”

ከሥሩ ሁለት ቁልፎች ተደረጉ። አንዱ “በሌላ ስም አስገባኝ”፣ ሌላው “እኔ ልንገራቸው” ይላል።

አዲሱ ደጃፍ የወጣ ሰሞን የመጡት ደብዳቤዎች ጥሩ አልነበሩም። አንዱ “እናንተም እንደ ትልልቆቹ ናችሁ” ብሎ ተሰናበተ። ሌላው ከዚህ በባሰ ቋንቋ። ሹክሹክታ እያንዳንዱን አንብባ መለሰች። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም ቀረ። ሰዎቹ የትኛውን ቁልፍ እየተጫኑ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ደጃፍ አይቆጥርማ። ምሰሶ በክፍሉ ውስጥ መንጎራደድ ጀመረ፤ በር ላይ በደረሰ ቁጥር ጎንበስ እያለ።

አክስቷ ቀጠሮዋን የምታረጋግጥበት ቀን ባለሀብቷ ከሚመለሱበት ቀን ጋር ገጠመ። ሹክሹክታ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ደጋግማ አስጠነቀቀቻት። “ሲመልስሽ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫኚ፤ ‘በሌላ ስም አስገባኝ’ የሚለውን። ዛሬ ካላረጋገጥሽ ተራሽ ይሄዳል። ሰማሽኝ?”

“ሰምቻለሁ።”

“አክስቴ።”

“ሰምቻለሁ አልኩሽ! ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።”

“ሰምቻለሁ” እና “እሺ” አንድ እንዳልሆኑ ሹክሹክታ የተረዳችው አውቶቡሱ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

ቢሮ ስትደርስ ባለሀብቷ መጥተዋል፤ ሻይ ይዘዋል። ምሰሶ ውጤቱን ከፈተ። የሬዲዮ ጣት እንደዚያን ቀን መውረድ ጀመረ። ትልቁን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ወረደ፣ ወረደ፤ ግርጌ አካባቢ ስማቸውን ሰምተው የማያውቁ ብሮውዘሮች መሃል ቆመ።

ደጃፍ።

ሬዲዮ ስክሪኑን ሊስመው ጎንበስ ሲል ምሰሶ ኮሌታውን ይዞ መለሰው።

ባለሀብቷ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። “በጣም ትንሽ ነው” አሉ።

“አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በትልቁ ስም እየገባ ሊሆን ይችላል” አለ ምሰሶ።

“ያንን በምን አውቃለሁ?”

“አያውቁም።” ምሰሶ አንገቱን ደፋ። “እኛም አናውቅም።”

ባለሀብቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ሁሉም የሚቀጥለውን ቃል ጠበቀ፤ “በፍቅር” የምትለዋን። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። የቢሮው ስልክ እምብዛም አይደወልበትም፤ የተቀመጠውም በሩ አጠገብ፣ በሹክሹክታ ክንድ ሥር ነው። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን በር አየች። ከዚያ አነሣችው።

“ሃሎ? ደጃፍ የሚባለው ነገር የእናንተ ነው?” የሰውየው ድምፅ ከክፍሉ ማዶ ይሰማል። ሬዲዮ ለወሬ እንደተንሰፈሰፈ እጁን ዘርግቶ ድምፅ ማጉያውን ተጫነው።

“አዎ። የእኛ ነው” አለች ሹክሹክታ። “የሠራሁት እኔ ነኝ።”

“እሰይ! የሚመለከተው ሰው አገኘሁ። እኔ የዓይን ክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። እባክሽ እህቴ፣ አንዲት ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ የስልክ መስመራችንን ይዛ አልለቅም ብላለች። ‘በሰው ስም አልገባም፣ በሩን ክፈቱ’ ነው የምትለው። እንግዳ ተቀባያችን ‘እናቴ፣ በሌላ ብሮውዘር ይግቡ’ ብትላት ‘አንቺ በጎረቤትሽ ስም ነው ወይ ክሊኒኩ የቀጠረሽ?’ አለቻት። ልጅቷ እንባዋ እየፈሰሰ ነው፤ በሳቅ ይሁን በንዴት አልገባኝም።”

ሹክሹክታ ዓይኗን ጨፈነች። ተራው። ያ ሁሉ ጊዜ የተጠበቀው ተራ።

“መቼም እሷ ብቻ ብትሆን ዝም ባልኩ” ቀጠለ ሰውየው። “ከሰሞኑ ብዙ ሰው ነው የደወለው። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ናቸው፤ በእናንተ ካልሆነ አናነብም ይላሉ። የዓይን ክሊኒክ ሆነን እነሱን መመለሳችን ደስ አይልም። አሁን ምን ላድርግ? ከባድ ሥራ ነው?”

“አይደለም” አለች። “አንድ መስመር ነው። እኔ እነግርዎታለሁ፤ ይጻፉ።”

ነገረችው። ሰውየው ጻፈ፣ ሞከረ፣ አንዴ ተሳሳተ፣ አረመችው። ድምፅዋ ሲጎላ ለራሷም አልታወቃትም። “ተከፈተ!” አለ ሰውየው። “በይ ለሴትዮዋ ልንገራት።”

ስልኩን ስትዘጋ ሁሉም ያያታል።

“ሴትዮዋ ማን ናት?” አሉ ባለሀብቷ።

መዋሸት ይቻል ነበር፤ ቀላልም ነበር። “አክስቴ ናት” አለች።

ሬዲዮ ተነፈሰ። ባለሀብቷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ሻይው እስኪፈስባቸው። “እንግዲያው እሷ አትቆጠርም። ሌሎቹስ? እነሱም አክስቶችሽ ናቸው?”

“አይደሉም። አላውቃቸውም።”

“አታውቂያቸውም።” ወይዘሮዋ ቀሚሳቸውን በመሐረብ ጠረጉ። “እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ወንበር፣ ስንት አልጋ ሸጫለሁ። ለሸጥኩት ዕቃ ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር ጠብ የገጠመ አንድም ደንበኛ አላየሁም።” ቦርሳቸውን አነሡ። “እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብሬያችሁ ነኝ። ያኔ ግን የማየው ቁጥሩን ነው፤ ስልኩን አይደለም። ለአክስትሽም ንገሪያት።”

ምሰሶ እስከ ደረጃው ሸኛቸው፤ ሲመለስ ጎንበስ ማለት ረስቶ ግንባሩን በሩ ላይ ገጨው። እየሳቀ ነበር።

ሹክሹክታ ቤት ስትገባ አክስቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑን የሞላ ትልቅ ጽሑፍ “ቀጠሮዎ ተረጋግጧል” ይላል።

“ይኸው ገባሁ። በስማችን” አለች።

“ተራሽ ቢሄድስ? አክስቴ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቀሽ! የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫኚ ብዬሽ ነበርኮ!”

“ሞኝ መሰልኩሽ? ልጅቷ ገና ስልኩን እንዳነሣች፣ ገጹ አልከፍት ስላለኝ ‘እመጣለሁ’ ብዬ በስልክ አስመዘገብኩ። መጣላት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።”

ሹክሹክታ የጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለች። “‘ቁልፍ ሲበጠስ የሚሰደበው ሱቁ ነው’ ስትይ አልነበር?”

“እሱ የእኔ ኮት ነው። ይሄ ያንቺ ነው።” አክስቷ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞራ መጋረጃውን አስተካከለች። መርገጥ ልትጀምር ብላ ቆም አለች። “አንድ ነገር ግን። የጻፍሽው ላይ ይቅርታው በዛ። አንዱ ይበቃል።”

በማግስቱ ሹክሹክታ ከሁሉም ቀድማ ቢሮ ገባች። መልእክቷን ከፍታ ሁለቱንም ይቅርታዎች ደጋግማ አየቻቸው። ሳይነግሩ ለቆዩበት የተጠየቀውን ተወችው። ስላልታወቁ የተጠየቀውን፣ የመጀመሪያውን፣ አጠፋችው።